ማጣሪያው ሲሞላ



በስምጥ ሸለቆ ጥርሱ የበለዘ ልጅ ስናይ «ፍሎራይድ ነው» ብለን መዝግበን እናልፋለን። ውኃው ግን ከመምጣቱ በፊት በእሳተ ገሞራ ዐለት ቀዳዳና ስንጥቅ እያዘገመ ፍሎራይዱን ሲያሟሟ ነው የቆየው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ብዙ የሸለቆው ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ።

አንዱ መፍትሔ ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራው ማጣሪያ ነው። ፍሎራይዱን የሚይዘው በአጥንቱ ውስጥ ያለው አፓታይት ነው። የልጁ አጥንት የተሠራውም ከዚሁ ማዕድን አይደል? ማጣሪያው ከለቀቀው፣ በሽንት ያልወጣውን የልጁ አጥንት ይይዘዋል።

ችግሩ ማጣሪያው ሲሞላ አይናገርም። ውኃው እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ጣዕሙም ያው ነው። ስሌቱ ግን አለ፤ አንሪ ዳርሲ ውኃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ በ1856 እ.ኤ.አ. ካሳተመ ወዲህ ብዙ ተሠርቶበታል። የውኃው ፍጥነት፣ የፍሎራይዱ መጠንና የከሰሉ የመያዝ አቅም ከታወቀ የሚሞላበትን ጊዜ መገመት ይቻላል። ፍጥነቱ ከበዛማ ሳይሞላም ያሳልፋል።

እናንተ የምህንድስናና የጂኦሎጂ መምህራን፣ ለየማጣሪያው የመቀየሪያውን ቀን አስሉልን፤ እኛ በየወሩ ናሙና እየወሰድን እናመሳክራለን፤ ቀኑንም ቦኖው ላይ እንጽፈዋለን።