የዓመታት ማዕረግ፣ የመሬት ስም፦ ስለ ሪዮሃ ቀይ ወይን ጠጅ



ስለ ስፔን ወይን ጠጅ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ በጠርሙሱ ጀርባ ከምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ልጀምር ብዬ አሰብሁ። ከሰሜን ስፔን፣ ከሪዮሃ የሚመጣው ቀይ ወይን ጠጅ የአካባቢውን ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ማረጋገጫ ይዞ ይወጣል። ወረቀቷ «ክሪያንሳ» ካለች ወይን ጠጁ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ «ሬሴርባ» ካለች ሦስት ዓመት፣ «ግራን ሬሴርባ» ካለች አምስት ዓመት ቆይቷል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከዚህ ዕድሜ ቢያንስ አንዱን ዓመት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን በኦክ በርሜል ያሳልፋሉ።

እኔም ለረጅም ጊዜ እነዚህን ቃላት እንደ ወታደር ማዕረግ አነብባቸው ነበር፤ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ክብሩም የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ይህንኑ አነባበብ ልመረምር እወዳለሁ። ወረቀቷ ወይን ጠጁ ስንት ዓመት እንደ ቆየ ትናገራለች፤ ፍሬው በየትኛው መንደር፣ በየትኛው ማሳ እንደ በቀለ ግን በአብዛኛው ዝም ትላለች። ይህ ዝምታ ከየት መጣ?

መልሱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ1850ዎቹ እንደ ማርኬስ ዴ ሙሪዬታና ማርኬስ ዴ ሪስካል ያሉ ቤቶች የፈረንሳይን የቦርዶ አሠራር፣ ማለትም በትንንሽ በርሜሎች ማስረጀትን፣ ወደ ሪዮሃ አመጡ። ብዙም ሳይቆይ ፊሎክሴራ የተባለች ሥር የምታጠቃ ነፍሳት የፈረንሳይን የወይን ተክል ስታወድም፣ የቦርዶ ነጋዴዎች ፊታቸውን ወደዚሁ አዞሩ። በአሮ ከተማ የባቡር ጣቢያውን ተጠግተው ታላላቅ የወይን ጠጅ ቤቶች ተሠሩ፤ ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ በ1877፣ ላ ሪዮሃ አልታ በ1890 ተመሠረቱ። ነጋዴዎቹ ከብዙ ትንንሽ ገበሬዎች ፍሬ ገዝተው ያዋህዱ ነበር። በዚህ አሠራር በጠርሙሱ ላይ የቀረው የነጋዴው ቤትና የዓመታቱ ቁጥር ነው፤ የገበሬው ማሳ ስም አልባ ሆነ።

አሠራሩን ግን ማቃለል አልሻም። የሪዮሃ ዋና ፍሬ ቴምፕራኒዮ ነው፤ ስሙ «ቀደም ያለ» ከሚለው የስፔን ቃል የወጣ ሲሆን፣ ቶሎ መብሰሉን ያመለክታል። የካንታብሪያ ተራሮች ከሰሜን የሚመጣውን ብርድና እርጥበት ይከላከሉለታል፤ ከአትላንቲክ የሚደርሰው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ፍሬው ሲበስል ኮምጣጣነቱን ጨርሶ እንዳያጣ ያግዘዋል። በበርሜሉ እንጨት በኩል በጥቂት በጥቂቱ የሚገባው አየር አፍ የሚያደርቀውን የወይኑን ምሬት ያለዝባል፤ የአሜሪካ ኦክም የቫኒላ መዓዛ ይጨምርበታል። ያረጀ መልካም ሪዮሃ ቀለሙ ወደ ጡብ መልክ ያዘነበለ፣ ጣዕሙ የረጋ፣ ጨዋ መጠጥ ነው። ጊዜ ግን ያለውን ያለሰልሳል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ደካማ ፍሬ አምስት ዓመት ቢቆይ ያው ያረጀ ደካማ ወይን ጠጅ ይሆናል።

የቀረውን ስፔን ብንመለከት ዕድሜ በሁሉም ዘንድ አንድ ዋጋ እንደሌለው እንረዳለን። በደቡብ፣ በሄሬዝ፣ ከታችኛው የበርሜል ረድፍ በተቀዳ ቁጥር ከላይ ካለው ወጣት ወይን ጠጅ ይሞላል፤ ስለዚህ ሼሪ የብዙ ዓመታት ድብልቅ ነው፤ ያለ እርጅናም ሼሪ አይኖርም። በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ በሪያስ ባይሻስ፣ አልባሪኞ የተባለው ነጭ ወይን ጠጅ በአብዛኛው በወጣትነቱ ይወደዳል። በፕሪዮራት ደግሞ ጋርናቻና ካሪኜና በጥቁር የሰሌዳ ድንጋይ መሬት ላይ በቅለው ወፍራምና ብርቱ ወይን ጠጅ ይሰጣሉ፤ እዚያ በቅድሚያ የሚነገረው ስለ አፈሩ ነው።

ይህ ልዩነት በሪዮሃም ክርክር አስነሥቷል። አርታዲ የተባለው የታወቀ ቤት በ2015 መጨረሻ ከሪዮሃ ስያሜ ወጣ፤ የመሬት ልዩነት በስያሜው ውስጥ ቦታ አላገኘም የሚል ቅሬታ ነበረው። በ2017 ምክር ቤቱ ለተለዩ ማሳዎች የራሳቸው ስያሜ እንዲኖራቸው ፈቀደ፤ ተክሉ ቢያንስ 35 ዓመት የሞላው፣ ፍሬውም በእጅ የተለቀመ መሆን አለበት።

የነጋዴዎቹ መከራከሪያ ክብደት አለው። ማዋሃድ በአንድ መንደር የጣለ በረዶ የዓመቱን ምርት እንዳያበላሽ ይረዳል፤ የማቆየቱን ወጪም ቤቱ ስለሚሸከም ገዢው የደረሰ ወይን ጠጅ ያገኛል። ሆኖም ፍሬውን በኪሎ ብቻ የሚሸጥ ገበሬ፣ ማሳው የቱንም ያህል የተለየ ቢሆን፣ ልዩነቱ ዋጋ አያመጣለትም። እኛም ለይርጋ ጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ቡና ስሞች የንግድ ምልክት መብት ስንሟገት የተከራከርነው ስለዚሁ ነበር፤ የቦታው ስም የሚያስገኘው ጥቅም ለአምራቹ እንዲደርስ።

ስለዚህ ነገ የሪዮሃ ጠርሙስ በእጃችሁ ቢገባ፣ ስንት ዓመት ቆየ ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የማን መሬት ነው?