ስለ ሕዝብ መብዛትና ስለ ምድር ዕረፍት
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



ኢዮቤልዩ የመለከትና የደስታ ስም ነው። ነገር ግን በኦሪት ሕግ መጀመሪያ የታዘዘው ስለ ምድር ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ አምሳኛው ዓመት በገባ ጊዜ እርሻው አይዘራም፥ ወይኑም አይለቀምም፤ በችግር ምክንያት ርስቱን የሸጠም ሁሉ ወደ ርስቱ ይመለሳል። ይህም ሕግ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፥ ምድር የእግዚአብሔር ገንዘብ መሆኗን፤ ሁለተኛው፥ ምድርም እንደ ሰውና እንደ በሬ የምትደክም ስለ ሆነች ዕረፍት የሚያስፈልጋት መሆኑን ነው። ስለዚህ በኢዮቤልዩ ቀን ስለ ምድር መናገር ከበዓሉ ምክንያት የራቀ አይደለም።

ስለ ሕዝብ መብዛት ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው ለአዳም የተሰጠው በረከት ነው። ሰው ይበዛ ዘንድ፥ ምድርንም ይመላ ዘንድ ተባርኳል፤ ልጅም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ይህን የሚክድ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያለማትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ ይናገራል። እነዚህ ሁለት ቃላት እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን የሳበ እንደ ሆነ ትልሙ ይጣመማል።

ዳግመኛም የአብርሃምና የወንድሙ ልጅ የሎጥ ከብት በበዛ ጊዜ ምድሪቱ አልበቃቻቸውምና እረኞቻቸው ተጣሉ። የጠቡ መነሻ የሣሩና የውሃው ማነስ ነበረ እንጂ የቆየ ቂም አልነበረም። አብርሃምም ይህን አይቶ ሎጥ ቀኙን ወይም ግራውን አስቀድሞ ይመርጥ ዘንድ ፈቀደለት፤ በሰላምም ተለያዩ። በዚያን ዘመን የሚመረጥ ሰፊ ምድር ነበረ። የዛሬው ጥያቄ ግን ቀኙም ግራውም በተያዘ ጊዜ ወንድማማች በምን ይታረቃል? የሚል ነው።

በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብ ቈጠራ መጀመሪያ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። በ1987 ዓ.ም. ኤርትራ ከተለየች በኋላ በተደረገው ቈጠራ 53 ሚሊዮን፥ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ደግሞ 74 ሚሊዮን ያህል ሆነ። ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት ከ120 ሚሊዮን ይበልጣል። የዚህም መብዛት ምክንያት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስመሰግን ነው። ሕፃናትን ይፈጅ የነበረው ፈንጣጣ በ1968 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጠፍቷል፤ በክትባትና በሕክምናም ብዙ እናቶች ቀድሞ ይቀብሯቸው የነበሩትን ልጆች ዛሬ ያሳድጋሉ። በዚህ የሚያዝን ሰው አይገኝም። ነገር ግን የልጆች ቍጥር ሲጨምር የምድር ስፋት አልጨመረም።

ገበሬ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ሁለት ሄክታር መሬት ያለው አባት አራት ልጆች ቢያሳድግና ቢያካፍላቸው ለእያንዳንዱ ግማሽ ሄክታር ይደርሰዋል፤ እነርሱም አራት አራት ቢወልዱ ለልጅ ልጅ የሚደርሰው የሄክታር ስምንተኛ እጅ ነው፤ ይህም ለአንድ ጥማድ በሬ የግማሽ ቀን እርሻ ነው። መሬቱ እንዲህ በጠበበ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ዕረፍቱ ነው። ቀድሞ ጾሙን ያድር የነበረው ማሳ በየዓመቱ ይታረሳል። ቀጥሎ የግጦሹ ሜዳ፥ ከዚያም በኋላ ዳገቱና ገደሉ ይታረሳል፤ በክረምትም አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ይወርዳል። እንጨት ሲጠፋ ማሳውን ያዳብር የነበረው ፍግ ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል። እንዲህ ምድር ዕረፍቷንም ስንቋንም ታጣለች።

የሎጥም መድኃኒት ተሞክሯል። በ1977 ዓ.ም. ታላቁ ረኀብ በሆነ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ 600,000 ያህል ሰው አሠፈረ። ከእነዚያም ብዙዎቹ ሳይወዱ የተወሰዱ ናቸው፤ ወባና ናፍቆት የፈጃቸውም ነበሩ። የደረሱበት አገር ባዶ አልነበረም፤ ባለቤት ነበረው፥ ደኑም ለማገዶና ለእርሻ ተመነጠረ። በአንዱ አገር የተራቈተው ኮረብታ በሌላው አገር ደን አልዳነም።

ሰው በአንድ ስፍራ ሲከማች ደን የሚያልቅ መሆኑን የአዲስ አበባ ታሪክም ያስረዳል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ዋና ከተማዋ ሳትዛወር እንድትቀር የረዳት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፥ ተቈርጦም ያቈጠቍጣል፤ ስለ ማገዶውና ስለ ዋጋው ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን የወይራውንና የዝግባውን ስፍራ አይተካም፤ ከሥሩ ሌላ አትክልት እንደ ልብ አያበቅልም፥ ውሃም ብዙ ይጠጣል።

እንግዲህ በሰሜኑ ደጋ አገር የቀድሞው ዘመን ደን ዛሬ የት ይገኛል ቢባል በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዐጸድ ይገኛል። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1000 የሚበልጡ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተቈጥረዋል። ጽዱ፥ ወይራው፥ ዝግባው፥ ኮሶውና ዋንዛው በዚያ አለ፤ ንቡም አዕዋፉም በዚያ ይጠጋል፤ የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቈጥረው በዚያ ጥላ ሥር ነው። በ1930 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ከአውሮፕላን ያነሡት ፎቶግራፍ በቅርብ ዘመን ከተነሣው ጋራ በተመሳከረ ጊዜ ደኖቹ በብዛት በስፍራቸው ቆይተው ተገኝተዋል። ነገር ግን በዙሪያቸው እንደ አጥር ሆኖ ይጠብቃቸው የነበረው ቍጥቋጦ ታርሷል፥ በውስጣቸውም ባሕር ዛፍ ገብቷል።

ይህን ደን ያቈየው የታቦቱ ክብር ነው። የደኑ ሰም እንጨት ነው፤ ወርቁ ግን ሰው በቃኝ ማለትን የተማረበት ስፍራ መሆኑ ነው። ያለፉት አባቶች ማገዶ አጥተው ሲበርዳቸው፥ መሬትም ጠቧቸው ሲቸገሩ ከዚህ ዐጸድ እጃቸውን መልሰዋል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ደን ሁልጊዜ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ምድር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። አሁን ግን ምእመናን ሲበዙ ቤተ ክርስቲያኑ ይሰፋል፥ አዳራሽ ይሠራል፤ በሲሚንቶ የተገነባው መቃብር ችግኝ የሚበቅልበትን ስፍራ ይይዛል፤ ግጦሽ ያጣው ከብትም ገብቶ ቡቃያውን ይበላል። ሽማግሌው ዛፍ በወደቀ ጊዜ የሚተካው ልጅ አይገኝም። ዐጸዱን የሚያጠፋው ጠላት ቢሆን ኖሮ መከልከሉ በቀለለ ነበር፤ የሚያጠፋው ግን የወዳጅ መብዛት ነው።

ነገር ግን በደሉን ሁሉ በድኻው ልጆች ላይ መጫን ፍርድ ማጣመም ነው። ዓለምን ከሚያሞቀው የካርቦን ጭስ አንድ አሜሪካዊ በዓመት የሚያደርሰው የአንዱን ኢትዮጵያዊ ከአምሳ እጥፍ ይበልጣል። ስለ አየሩ መሞቅ አስቀድሞ የሚጠየቀው እንግዲህ ብዙ የሚያነደው ነው። የኮረብታው አፈር መታጠብ ግን በገዛ ማረሻ የሚሆን ነውና መድኃኒቱም ከገዛ ቤት መጀመር አለበት።

ስንት ልጅ ይወለድ የሚለው የባልና የሚስት ምክር ነው፤ ለነፍሳቸውም መምህረ ንስሐ አላቸው። ካህን ቍጥር አይወስንም። ሆኖም ካህን ሊወስነው የሚችል ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ለጋብቻ በቀረበች ጊዜ ካህኑ አልባርክም ቢል፥ አባትዋም ወደ ትምህርት ቤት ቢመልሳት፥ ለልጅቱም ለምድሪቱም ታላቅ ምሕረት ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ያልተማረች ሴት በአማካይ ከአምስት የሚበልጥ፥ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረች ግን ከሁለት ያነሰ ልጅ እንደምትወልድ ታውቋል። ይህም ያለ ግዴታ፥ በዕውቀትና በፈቃድ የሚሆን ነው።

ስለ ዐጸዱም መልካም አብነት አለ። በደቡብ ጎንደር ብዙ ደብሮች የደን ሊቅ በሆኑት በዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ምክር ከእርሻቸው ድንጋይ እየለቀሙ ደናቸውን በካብ አጥረዋል። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፥ ከብቱ ከደኑ ተከለከለ፤ በካቡም ውስጥ ቡቃያ መታየት ጀመረ። ይህ ሥራ ባዕድ ገንዘብ ሳይጠብቅ በደቦ ሊጀመር ይችላል። የዚህም ደብር ሰበካ ጉባኤ ከኢዮቤልዩው መታሰቢያ አንዱን እንዲህ ያለ ካብ ቢያደርገው፥ አዲስ መቃብር ከዛፍ ሥር እንዳይገነባ ቢወስን፥ ባሕር ዛፍም ከዐጸዱ ውጭ እንዲተከል ቢያዝ፥ ከሐውልት የሚሻል መታሰቢያ ይሆናል።

የሚመጣው ኢዮቤልዩ በደረሰ ጊዜ ዛሬ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣው ሕፃን ሽማግሌ ይሆናል። በዚያን ቀን በወይራው ጥላ ሥር ቆሞ የዛሬዎቹን አባቶች ይባርክ ዘንድ፥ ወይራው ዛሬ ቡቃያ ሳለ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ሰውን በረድኤቱ፥ ምድርንም በዝናሙ የሚጐበኝ አምላክ ለሕዝቡ ማስተዋልን፥ ለምድሪቱም ዕረፍትን ይስጥ። አሜን።