ሞራው ከዓይን ላይ አይደለም

የዛሬው ወጋችን ስለ ዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ፊደል በምንቆጥርበት ሰዓት የዓይን ነገር ምን አመጣው የሚል ቢኖር፣ ነገሩ የጀመረው እዚያው ሰሌዳው ፊት ነው።

በማስተምርበት በጎጆ ከተማ፣ በጎልማሶች ክፍል፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት አሉ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከብት ጠባቂ ስለነበሩ ዕድሉ አመለጣቸው። አሁን ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ግን «ለ»ን «ሰ» ይሉኛል፣ ትናንት የለዩትን ዛሬ ይስቱታል። እኔም ዕድሜ አእምሮአቸውን አደነዘዘው ብዬ በልቤ ፈረድኩባቸው። አንድ ቀን ግን፣ «ልጄ፣ ፊደሉ እኮ ጭስ ውስጥ ነው የቆመው» አሉኝ። ቀረብ ብዬ ባይ የዓይናቸው ጥቁሩ ክፍል አመድ መስሏል። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ከገበያ ጠብታ እየገዙ ያንጠባጥቡ ኖሯል።

ስሙ ነው የሚያሳስተን። ሞራ ሲባል የበግ ሞራ ትዝ ይለንና፣ ከዓይን ላይ የተለበጠ፣ ተጠርጎ ወይም በመድኃኒት ቀልጦ የሚለቅ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ከዓይናችን ጥቁር ክፍል በስተኋላ እንደ መስታወት የጠራ ሌንስ አለ፤ ብርሃን የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። የሚደፈርሰው እርሱ ራሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ይመጣል፤ ስኳር በሽታ፣ በዓይን ላይ የደረሰ ጉዳት፣ ሲጋራም ያፋጥኑታል። ይዞት የሚወለድ ሕፃንም አለ። እንደ ትራኮማ ፀጉር እያስገባ አይወጋም፣ አያስለቅስም፤ ያለ ሕመም ቀስ እያለ ያደበዝዛል፣ የፀሐይ ብርሃን ያጥበረብራል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃቸው ይኸው ሞራ ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ጠብታ አያጠራውም። መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ዓይኑ ይደነዝዛል እንጂ ከቦታው አይወጣም፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነውና ደግሜ እላለሁ፣ ዓይን አይወጣም! ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ይህን ሌንስ መጀመሪያ የተከሉት እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ለንደን ውስጥ። ሥራው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ የታዘዘውን ጠብታ ለሳምንታት መጨመር፣ ዓይንን አለማሸት፣ ከባድ ሸክም አለማንሳት ነው።

«ሞራው ይብሰል» እያሉ ዓይን እስኪጠፋ መጠበቅም አያስፈልግም። ሥራችሁን ካወካችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይጽፉላችኋል። ዓይን የሚያደበዝዘው ሞራ ብቻ አይደለምና፣ ግላኮማ የሚባለው ካለ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። መለየት የሚችለው መርማሪው ነው።

እኚያ እናት አንዱን ዓይናቸውን ታክመው ተመለሱ። ለንባብ መነጽር ታዞላቸዋል። ገና ከደጃፍ ትኩር ብለው አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ሽበት አለህ እንዴ?» አሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «ለ»ን «ለ» አሉ። ለሁለተኛው ዓይናቸው ተራ ይጠብቃሉ።