ከኡሲክ ፊት ማን ይቁም?

እሱ፦ ከራቤል የደወሉልን አባት፣ መቼም በዚህ ብርድ ባና ተከናንበው ነው፣ «የከባድ ሚዛን ቦክሰኛውን ኡሲክን ማን ይግጠመው?» ይላሉ። እኔ ካባየል ብያለሁ!

እሷ፦ አትቸኩል እንጂ! ፓርከርስ? ዊልደርን፣ ዣንግን፣ ባኮሌን ያሸነፈው?

እሱ፦ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ለንደን ላይ በ11ኛው ዙር በዋርድሊ ተሸነፈ።

እሷ፦ እንግዲያው ዋርድሊ ነዋ!

እሱ፦ ዳኛው ያንን ፍልሚያ ለማስቆም ቸኩሏል የሚሉ አሉ። ካባየል ግን የካቲት 2017 ሪያድ ላይ በ5ኛው ዙር ወድቆ ተነሳ፤ በ6ኛው ዣንግን ጎድን ጎድኑን ብሎ አስቀመጠው። ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው፣ በሆድ ምት!

እሷ፦ ዱቦይስስ?

እሱ፦ ከኡሲክ እጅ በ9ኛው ዙር አንዴ፣ ዌምብሌይ ላይ በ5ኛው ደግሞ ሌላ ሽንፈት ቀምሷል። ይበቃዋል፣ ልጁ ይረፍ!

እሷ፦ ተረታሁ። ግን አባታችን ማንን እንደሚመርጡ እንኳ አልጠየቅናቸውም። ሃሎ፣ ራቤል?