ኢሜይሉ ይዋብ ወይስ ተራ ጽሑፍ ይሂድ?

እሷ፦ ድሬዳዋ፣ መጋላ፣ ከፊራ ገበያ ያለ ነጋዴ ጅቡቲ ላለው ወኪሉ ኢሜይል ሲልክ ቀለም፣ አርማ፣ ሥዕል ምን ይሠራለታል? ተራ ጽሑፍ ይበቃዋል።

እሱ፦ አቦ፣ አትቸኩዪ! የዋጋ ዝርዝር በሠንጠረዥ ካልተደረደረ ማን ያነበዋል? ቀለምና ሠንጠረዥ የሚያስገባው ኤችቲኤምኤል ለዚህ ነው።

እሷ፦ ሠንጠረዡን በፒዲኤፍ አያይዞ ይላካ! ኤችቲኤምኤል እኮ ሥዕል ከውጭ ይጠራል፤ በዚያ በኩል ላኪው ኢሜይሉን መክፈትህን ሊያውቅ ይችላል። ሊንኩም ላይ የሚታይህ አድራሻ ሌላ፣ የሚወስድህ ሌላ ሊሆን ይችላል።

እሱ፦ እሱስ እውነት ነው፤ አጭበርባሪ የሚወደውም ይሄንን ነው። አማርኛውስ? ፎንት ካልመረጥሽለት ፊደሉ ይበላሻል።

እሷ፦ ድሮ ነዋ! ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ተራ ጽሑፍም አማርኛን ይችላል።

እሱ፦ እሺ፣ ሁለቱንም ባንድ መልእክት መላክ እያለ ምን ያጣላናል? ማይም የተባለው የኢሜይል ደንብ ከፈረንጆቹ 1992 ጀምሮ ይፈቅዳል፤ የተቀባዩ ፕሮግራም የሚችለውን ያሳያል።

እሷ፦ በዚህ ተስማማን። ለደብዳቤ ግን ከተራ ጽሑፌ ንቅንቅ አልልም።

እሱ፦ እኔም ለማስታወቂያ ከቀለሜ! አድማጮች፣ «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል ያማረ ኢሜይል ከደረሳችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት በምታውቁት ስልክ ደውሉ።