ፈትልና እንዝርት
በኢዮቤልዩው በዓል በዐውደ ምሕረት የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የቅኔ ተማሪ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ሲሄድ ከቅኔው አስቀድሞ የሚማረው ከእናት መለየትን ነው። ስለዚህም መለየት ለባለቅኔ የቆየ ነገሩ ነው። ጦቢያ ወደ ሜዶን አገር ሲሄድ እናቱ ሐና አልቅሳለች፤ ባለቅኔውም ይህን ሰም አድርጎ፥ ከዶርዜ ወጥቶ በሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራውን ልጅና በቤት የቀረችውን እናቱን ወርቅ ቢያደርግ፥ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ትበቃዋለች።

በጋሞ እናት ጥጥ ትፈትላለች፥ ወንዱ ይሸምናል። ፈትልም ከእንዝርት ካልተለየ ኩታ አይሆንም፤ ልጅም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ኩታው ተሠርቶ ፈታዪቱን ካላለበሰ ድካሟ ምን ረባት?

እኔም በቅኔ ቤት ሳለሁ ስለ እናቴ መወድስ ተቀኝቼ ነበር። መምህሬ አመሰገኑኝ፤ እርሷ ግን ግዕዝ አታውቅምና፥ እኔም ሳልተረጕምላት ዐረፈች።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለዚህ በዓል ወደ አርባ ምንጭ የመጣችሁ ልጆቼ ሆይ፥ ቅኔውን ለእኛ ተዉልን፤ ወደ እናታችሁ ደጅ ሂዱና ናፍቆታችሁን በገዛ ቋንቋዋ በጋሞኛ ንገሯት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።