የመንፊያው ቱቦ ልክ

(በደብረ ወርቅ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በተቆረቆረችው በደብረ ወርቅ ከተማ ስለ ጠላቂ ዋናተኛ መሣሪያ ንግግር መደረጉ ለአንዳንድ ሰሚ እንግዳ ነገር ሳይመስለው አይቀርም። አገሩ የጤፍና የስንዴ፣ የቅኔና የዜማ አገር ነው። ይሁን እንጂ ሰው የሚሰጥመው በባሕር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ጉባኤ የተሰወረ አይደለም። ዓባይ ጎጃምን ከብቦ ይፈሳል፤ ጣና በስተሰሜን ምዕራብ ተኝቷል፤ በየከተማው ዳር ድንጋይ ወጥቶባቸው የቀሩ ጉድጓዶች ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ይሞላሉ። በአዲስ አበባ የእሳትና የአደጋ መከላከል ጠላቂዎች ከወንዝ፣ ከውሃ ጉድጓድና ውሃ ካቆረ የድንጋይ ማውጫ የሰው አስከሬን ማውጣታቸው በተደጋጋሚ በዜና ተነግሯል። ቤተ ዘመድ ለቅሶውን ይዞ በዳር የሚጠብቀው ያንን ጠላቂ ነው። ጠላቂው ግን በዚያ የጭቃ ውሃ ውስጥ የገዛ እጁን እንኳ ማየት አይችልም፤ የሚሠራው በዳሰሳ ነው። የዛሬው ርእስ፣ የመንፊያው ቱቦ ርዝመት፣ ትንሽ ጉዳይ መስሎ የሚታየው ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ለሚዋኝ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ለጠላቂው በተነፈሰ ቁጥር የሚበቃውን አየር የሚለግሰውን መሣሪያ ሲሠሩ የመንሳፈፊያ ሰደሪያ የሚባል ነገር አብሮት አልነበረም። ጠላቂው ሚዛኑን የሚጠብቀው በወገቡ በታጠቀው እርሳስና በሳንባው ነበር። ሰደሪያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሰደሪያውም ጋር ቱቦው መጣ።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። በጀርባ የሚታዘለው ሲሊንደር ብዙውን ጊዜ እስከ 200 ባር የታመቀ አየር ይይዛል። በአናቱ ላይ የሚታሰረው የሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ክፍል ይህን ግፊት በዙሪያው ካለው ግፊት 9 ወይም 10 ባር ያህል ብቻ ወደሚበልጥ መጠን ያወርደዋል። ከዚህ ክፍል ከሚወጡት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ሌላው በግራ ትከሻ ላይ ተሻግሮ ከመንፊያው እጀታ ጋር በፈጣን መጋጠሚያ ይገናኛል። እጀታው ከሰደሪያው ጋር የተያያዘው በሰፊና በተሸበሸበ ሌላ ቱቦ ነው። በእጀታው ላይ ሁለት አዝራሮች አሉ፤ አንዱ አየር ያስገባል፣ ሁለተኛው ያስወጣል። አየር ምንጊዜም ወደ ላይ የሚሄድ ስለሆነ፣ ጠላቂው አየር ለማስወጣት ሲፈልግ እጀታውን ከትከሻው በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት።

እንግዲህ የቀጭኑ ቱቦ ልክ የሚታወቀው በዚህ በተነሣ እጅ ነው። በገበያ የሚገኙት ቱቦዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ55 እስከ 75 ሴንቲሜትር ይደርሳሉ፤ ገዢውም እንደ ልማዱ ደረቱ ላይ አንጥልጥሎ አይቶ «ይበቃል» ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ደረት ላይ የበቃ ቱቦ እጅ ሲነሣ ይወጠራል፤ የተወጠረ ቱቦ እጀታውን ወደ ታች ይጎትታል፤ እጀታው ወደ ታች ከተጎተተ ደግሞ አየሩ አይወጣም። ከዚህም ሌላ ውጥረቱ በጫፉ ባለው የብረት መቆንጠጫ አጠገብ ጎማውን ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል። በአንጻሩ ከልክ በላይ የረዘመ ቱቦ ከትከሻ ወጣ ብሎ እንደ ቀለበት ይታጠፋል፤ በወንዝ ውስጥ ያለ የዛፍ ሥር፣ ገመድ ወይም የተጣለ ሽቦ ያገኘው እንደሆነ ጠላቂውን አስሮ ያስቀረዋል። ከሁለቱ ጥፋቶች የትኛው ይከፋል ቢባል፣ ትርፉን በላስቲክ ማሰሪያ ከተሸበሸበው ቱቦ ጋር አስተኝቶ ማሰር ስለሚቻል የማጠሩ ይብሳል። ያጠረውን ቱቦ የሚያስረዝም ማሰሪያ የለም።

ይህ ሁሉ በባሕርም ቢሆን እውነት ነው። በደጋ ውሃ ግን ነገሩ ይጠነክራል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ጠላቂዎቿ በአገር ውስጥ የሚሠሩት በሐይቅ፣ በወንዝና በጉድጓድ ነው፤ መሣሪያውና የመሣሪያው መመሪያ ግን በአብዛኛው ባሕርን አስበው የተዘጋጁ ናቸው። የጣና ወለል ከባሕር 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ከ10 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ የሚወጣ ጠላቂ በሰደሪያው ውስጥ ያለው አየር ወለል ላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። በጣና ይኸው እጥፍ መሆን ከ8 ሜትር ገደማ ይጀምራል። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ አንድ ሊትር አየር ይዞ የተነሣ ጠላቂ አየር ሳያስወጣ ቢወጣ ወለል ላይ ከሁለት ሊትር ተኩል በላይ ሆኖ ያገኘዋል። ስለሆነም በደጋ ውሃ ጠላቂው እጀታውን በአጭር ርቀት ውስጥ ደጋግሞ ማንሣት ይገባዋል። በአንዲት ስንዝር ያጠረ ቱቦ እጁን ቢይዘው ሳይወድ ሽቅብ ይወረወራል፤ ትንፋሹን ቋጥሮ ከወጣም ሳንባው ሊቀደድ ይችላል።

ታዲያ ልኩ እንዴት ይያዛል? የጎጃም ገበሬ ሞፈር ሲመርጥ የበሬዎቹን ቁመትና የራሱን ቁመና አይቶ ነው፤ ከጎረቤት የተዋሰውን ሞፈር እንዳለ ይዞ እርሻ የሚገባ ቢኖር ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። ጠላቂውም እንዲሁ ሥራ የሚሠራበትን ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ሰደሪያውን አጥብቆ፣ ሲሊንደሩን አዝሎ ይቁም። ቱቦውን ካጋጠመ በኋላ እጀታውን የተሸበሸበው ቱቦ እስከሚፈቅድለት ድረስ ወደ ላይ ያንሣ፤ በዚህ ጊዜ ቀጭኑ ቱቦ ጥቂት ላላ ማለት አለበት። አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙር፣ ወደ ፊትም ያጎንብስ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እጀታውን በዳሰሳ ይፈልግ። ይህ የመጨረሻው ፈተና በብዙ ቦታ ይዘለላል፤ ለጭቃ ውሃ ሠራተኛ ግን ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ልኩ አልመጣ ካለ አዲስ ቱቦ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ነገር አለ። ሲሊንደሩ በማሰሪያው ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የቱቦው መድረሻ ይለወጣል። የሬጉሌተሩን የመጀመሪያ ክፍል አዙሮ ማሰር፣ ወይም ቱቦውን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ዝቅተኛ ግፊት ቀዳዳ ማዛወርም ይቻላል፤ ከፍተኛ ግፊት የሚወጣበት ቀዳዳ ግን የግፊት መለኪያው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው አየሩ ተዘግቶ ግፊቱ ከወጣ በኋላ ነው። ቱቦውን መቁረጥና በጋራዥ ፋሼታ መቀጠል፣ ወይም በመኪና ጎማ መንፊያ ላስቲክ መተካት እንደ ብልኀት የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ይህ ብልኀት አይደለም። የጫፉ ብረት በፋብሪካ በኀይል ተጨምቆ የተያዘ ስለሆነ በእጅ የሚመለስ አይደለም።

አንድ አደጋ ለብቻው ይነሣ። አሸዋ ወይም ደለል የገባበት የማስገቢያ አዝራር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፤ ሰደሪያውም ያለ ጠላቂው ፈቃድ ይነፋል። መፍትሔው መጋጠሚያውን ወዲያው ነቅሎ አየሩን ማስወጣት ነው። መጋጠሚያው የሚላቀቀው አንገቱ ላይ ያለው ቀለበት ወደ ኋላ ሲሳብ ነው፤ ቱቦው የተወጠረ ከሆነ ግን ቀለበቱ ይጠብቃል፣ በጓንት ውስጥ ያለ ጣትም አይችለውም። ይህን የመንቀል ሥራ በደረቅ መሬት፣ ግፊቱ እንዳለ፣ እጅ እስኪለምደው መለማመድ ያስፈልጋል።

መሣሪያው በየተራ ለሚገቡ ጠላቂዎች የጋራ በሆነበት ቦታ ልኩ የሚያዘው በረጅሙ ሰው ነው፤ ትርፉ ለአጭሩ በላስቲክ ይታሰራል። ማሰሪያው በሲሊንደሩ ላይ የሚያርፍበት ቦታ በቀለም ቢሰመር ተረኛው ሲለወጥ ልኩ አይጠፋም። ከሥራ በኋላ እጀታው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ በቱቦው ጫፍ ላይ ያለው የላስቲክ ሽፋን ካለ ወደ ኋላ ተስቦ ከሥሩ ያለው ጎማ ይታይ። ስንጥቅ ወይም ዝገት የተገኘበት ቱቦ በዚያው ቀን ይወገዳል፤ ሌላ እስኪመጣም ያ መሣሪያ ውሃ አይገባም።